«አትሂዱ» ያልኳቸው መስሏቸው ጀልባው ላይ ቀሩ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር። ባሕር ዳር ውስጥ በጀልባ አስጎብኚነት ነው የምሠራው። እንግዶችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ እወስዳለሁ። ካን፣ ኩድ፣ ማስት፣ ሹድ የሚባሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ከነትርጉማቸው በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳስገባቸው ግን ይምታቱብኛል። «ዩ ማስት ቱ ጎ» ስል ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «ዊመን ካንት ቱ ኢንተር»፣ «ዊ ዊል ካን ሲ ሂፖስ»፣ «ሂ ካንስ ስፒክ ግዕዝ»፣ «የስተርደይ ዊ ማስት ሪተርን» እላለሁ። ስህተት እንዳለበት ይሰማኛል፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን አላውቅም።

በቅርቡ ሁለት አረጋውያን ባልና ሚስት ይዤ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ስለሚኬድ እንዳይደክማቸው ብዬ «ዩ ማስት ኖት ዎክ» አልኳቸው። የግድ መሄድ የለባችሁም ማለቴ ነበር። ሁለቱም ጀልባው ላይ ቁጭ ብለው ቀሩ። ወደ ከተማ ስንመለስ ሴትዮዋ «ለምን ከለከልከን?» ብለው ጠየቁኝ። በጣም አዘንኩ። አሁን ደግሞ አንድ ሆቴል ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። የሰዋስው መጽሐፍ ልግዛ ወይስ ምን ይሻለኛል?

ከጣና ዳር

መልስ፦

ወንድምዓለም፣ ከመጽሐፉ በፊት ከእነዚያ ባልና ሚስት ልጀምር። እነሱን ያስቀራቸው አማርኛህ ነው።

«መሄድ የለባችሁም» በእኛ ቋንቋ ሁለት ነገር ይሸከማል። አንዱ «እንዳትሄዱ» ነው። ሌላው «ካልፈለጋችሁ ቅሩ፣ ማንም አያስገድዳችሁም» ነው። እኛ በድምፃችንና በፊታችን እንለያቸዋለን፤ ሲያሰጋን ደግሞ «የግድ» የምትለዋን ቃል እንጨምራለን። አንተም በልብህ «የግድ» ብለሃል። ወደ እንግሊዝኛ ስትሻገር እሷ ቀረች።

እንግሊዝኛ ለሁለቱ ሐሳብ ሁለት የተለያየ አባባል አለው። «ዩ ማስት ኖት ዎክ» ጥብቅ ክልከላ ነው። እንግዶችህ የሰሙት «መራመድ ክልክል ነው» የሚል ነው፤ የገዳም ሥርዓት መስሏቸው አክብረው ተቀመጡ። ልትል የፈለግኸው «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ዎክ» ነበር። «ዩ ዶንት ኒድ ቱ ዎክ» ብትልም ያው ነው።

ይህን ነገር ብዙ ሰው የሚስተው «ማስት» እና «ሃቭ ቱ» በአዎንታ ሲሆኑ በጣም ስለሚቀራረቡ ነው። «ዩ ማስት ፔይ» ብትል፣ «ዩ ሃቭ ቱ ፔይ» ብትል ሰውየው ቦርሳውን ያወጣል። «ኖት» ሲገባ ግን ይለያያሉ። «ማስት ኖት ፔይ» ውስጥ «ኖት» የሚያርፈው መክፈሉ ላይ ነው። ግዴታው እንዳለ ነው፤ ያለመክፈል ግዴታ ሆነ ማለት ነው። «ዶንት ሃቭ ቱ ፔይ» ውስጥ ደግሞ የሚፈርሰው ግዴታው ራሱ ነው። ስለዚህ አፍህ ላይ «የለብዎትም» ሲመጣ አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፦ ሰውየው ቢያደርገው ችግር አለ? ችግር ካለ «ማስት ኖት»። ከሌለ «ዶንት ሃቭ ቱ»።

በሥራህ ላይ ይህ በየሰዓቱ ይመጣል። ሕፃን ይዞ የመጣ እንግዳ የልጁን መግቢያ መክፈል ግዴታው እንዳልሆነ ስትነግረው «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ፔይ ፎር ዘ ቻይልድ» ነው። ዘጌ ላይ ቡና ተፈልቶ እንግዳው ካመነታ «ዩ ዶንት ሃቭ ቱ ድሪንክ ኢት» ትለዋለህ። በ«ማስት ኖት» ብትለው ቡናው ውስጥ አንዳች ነገር ያለ ይመስለዋል። እንግዳው የጥንት ሥዕል በእጁ ሊነካ ከሆነ ግን ቦታው የ«ማስት ኖት» ነው፦ «ዩ ማስት ኖት ተች ዘ ፔይንቲንግስ»። እዚህ ላይ ጠንከር ማለት ተገቢ ነው። የዑራ ግድግዳ ሥዕል አንዴ ከተበላሸ አይመለስም።

አሁን ወደ «ማስት ቱ ጎ»። ጓደኞችህ መሳቁን ትተው ምክንያቱን ቢነግሩህ ይሻል ነበር። በአማርኛ «መሄድ ይችላል» እንላለን። «መሄድ» ብለን ዋናውን ግስ በ«መ» እናስቀምጥና ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆኑ፣ መቼ እንደሆነ የሚናገረውን ሁሉ «ቻለ» ላይ እንጭነዋለን፦ እችላለሁ፣ ትችላለች፣ ችለናል፣ አልቻሉም። አእምሮህ «መሄድ» የሚለውን «ቱ ጎ» ብሎ ተረጎመው። «ይችላል» የሚለውን ደግሞ በሰው ሊያረባው ፈለገና «ካንስ» አለ። ሁለቱም ስህተቶችህ ከአንድ ምንጭ ናቸው።

«ሞዳል» የሚባለው የእንግሊዝኛ ረዳት ግስ ግን እንዲህ ያለ ጭነት አይቀበልም። ዋናዎቹ 9 ናቸው፦ ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ማስት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ። እነዚህ በሰው አይረቡም። «አይ ካን»፣ «ሂ ካን»፣ «ዘይ ካን»፤ ሁልጊዜ ያው ነው። ከኋላቸው የሚመጣው ግስ ደግሞ ራቁቱን ነው የሚቆመው። «ቱ» የለም፣ «ኤስ» የለም፣ «ኢንግ» የለም፣ «ኢዲ» የለም። «ሂ ካን ስፒክ ግዕዝ» በቃ።

«ኤስ» ለምን ጠፋ የሚል ካለ ደስ የሚል ታሪክ አለው። አብዛኞቹ ሞዳሎች በጥንቱ ቋንቋ የኃላፊ ጊዜ ቅርፅ የነበራቸው ናቸው፤ ቅርፁ እንዳለ ቀርቶ ትርጉሙ ወደ አሁን ጊዜ ተሻገረ። ኃላፊ ጊዜ ደግሞ «ኤስ» አይወስድም። «ሂ ዌንት» ይባላል እንጂ «ሂ ዌንትስ» የሚል የለም። «ካን» እና «ማስት» ያንን ጠባይ ይዘው እስከ ዛሬ ደርሰዋል። «ዊል» በሌላ መንገድ ነው የመጣው፤ ግን አብሯቸው ውሎ ጠባያቸውን ወሰደ።

«ቱ» ያላቸውስ? አሉ። «ሃቭ ቱ»፣ «ኦውት ቱ»፣ «ዩዝድ ቱ»፣ «ቢ ኤብል ቱ»። እነዚህን «ቱ» የስማቸው አካል እንደሆነ አድርገህ ያዛቸው። «ሃቭ ቱ» እና «ቢ ኤብል ቱ» ደግሞ በሰውም በጊዜም ይረባሉ፦ ሃዝ ቱ፣ ሃድ ቱ፣ ዋዝ ኤብል ቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «አይ ዉድ ላይክ ቱ» ላይ ነው። እዚያ ውስጥ ያለው «ቱ» የ«ዉድ» አይደለም፣ የ«ላይክ» ነው። «ዉድ» እንደ ልማዱ ራቁቱን «ላይክ» ወሰደ፤ «ቱ» ያመጣው «ላይክ» ነው። ይህን ያየ ሰው «አይ ዉድ ቱ ጎ» አይልም። በተቃራኒው «ሃድ ቤተር» እና «ዉድ ራዘር» መልካቸው እንግዳ ቢሆንም ራቁት ግስ ነው የሚወስዱት፦ «ዩ ሃድ ቤተር ብሪንግ ኤ ጃኬት»። ጠዋት ሐይቁ ላይ ይበርዳል፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ትጠቀምባታለህ።

«ዊ ዊል ካን ሲ ሂፖስ» ያልከው ሌላ ጉዳይ ነው። ሁለት ሞዳል ጎን ለጎን አይቆምም። በደቡባዊ አሜሪካና በስኮትላንድ አንዳንድ አካባቢ «ማይት ኩድ» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ የእነሱ ዘዬ ነው፣ ለእነሱ ትክክል ነው። አንተ ግን በዋናው መንገድ ሂድ። አንዱን ሞዳል አስቀምጠህ ሌላውን በሚረባው ተካው፦ «ዊ ዊል ቢ ኤብል ቱ ሲ ሂፖስ»። እንዲያውም እኔ በአንተ ቦታ ብሆን «ዊል» አልልም። ጉማሬ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ይታያል፤ በቀጠሮ ግን አይወጣም። «ዊ ማይት ሲ ሂፖስ» በል። ያየ እንግዳ ይደሰታል፣ ያላየም ዋሸኸኝ አይልህም። ከፈለግህ በሞዳሉና በግሱ መሃል አንድ ቃል ማስገባት ትችላለህ፦ «ዊ ዊል ፕሮባብሊ ሲ»፣ «ዩ ካን ኦልሶ ቪዚት»፣ «ዩ ካን ኢዚሊ ዎክ»። እንዲህ ያሉት ቃላት የሚወዱት መቀመጫ እዚያ መሃል ነው። «ኖት»ም ቦታዋ እዚያው ነው፤ ስትክድ «ዶንት ካን» የሚባል ነገር የለም። ስትጠይቅም ሞዳሉን ወደ ፊት ማምጣት ብቻ ነው።

ጊዜው ሲያልፍ ነገሩ ጠለቅ ይላል። እዚህ ላይ ታገሠኝ፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምህ ይህ ነው።

«የስተርደይ ዊ ማስት ሪተርን» አይሆንም። «ማስት» ለትናንት ግዴታ የሚሆን ቅርፅ የለውም። ማዕበል ተነስቶ ተመልሳችሁ ከሆነ «ዊ ሃድ ቱ ሪተርን» ነው። አሁን አማርኛውን እየው፦ «መመለስ ነበረብን»። ይኸኛውም ሁለት ፊት አለው። ተመልሰን ሊሆን ይችላል። መመለስ ሲገባን ሳንመለስ ቀርተን ሊሆንም ይችላል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል። የመጀመሪያው «ዊ ሃድ ቱ ሪተርን» ነው፤ ተመለስን። ሁለተኛው «ዊ ሹድ ሃቭ ሪተርንድ» ነው፤ አልተመለስንም፣ ይቆጨናል። ለእንግዳ «ዊ ሹድ ሃቭ ኮልድ ዩ» ስትለው ይቅርታ እየጠየቅህ ነው። «ዊ ሃድ ቱ ኮል ዩ» ስትለው ደግሞ እንደደወልክለት እየነገርከው ነው። ስልኩ ሳይጮህ የቀረ ሰው ይህን ሲሰማ ግራ ይጋባል።

ይህ «ሹድ ሃቭ» የሚባለው አሠራር ለሌሎቹም ይሠራል። ሞዳሉ ሳይነካ ይቆማል። ከኋላው «ሃቭ» ይገባል፤ ቀጥሎ የግሱ ሦስተኛ ቅርፅ ይመጣል፦ ሲን፣ ጎን፣ ቴክን፣ ዎክድ። «ሃቭ» እዚህ ላይ «ሃዝ»ም «ሃድ»ም አይሆንም፤ ሞዳሉ ከፊቱ ስላለ እሱም ራቁቱን ነው።

አማርኛችን ለዚህ ጥሩ መሰላል አለው። ሙዚየሙ ተቆልፎ አገኛችሁ እንበል፤ ቁልፍ ያዡ አባት የሉም። አንተ «ገበያ ሄደው መሆን አለበት» ትላለህ። «ሄደው» ያለፈው ነው፣ «መሆን አለበት» ግምቱ ነው። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ይለያል፦ «ሂ ማስት ሃቭ ጎን ቱ ዘ ማርኬት»። ግምትህ ደከም ያለ ከሆነና «ሄደው ይሆናል» የምትል ከሆነ «ሂ ሜይ ሃቭ ጎን» ወይም «ሂ ማይት ሃቭ ጎን» ነው። በፍጹም አልሄዱም ብለህ ካመንክ «ሂ ካንት ሃቭ ጎን»። «ማስት ኖት ሃቭ» የሚሉም አሉ፣ ስህተት አይደለም፤ «ካንት ሃቭ» ግን ጠንከር ይላል።

በበጋ ጢስ ዓባይ የምትወስዳቸው እንግዶችም ይህን ይፈትኑሃል። ከከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ሲደርሱ ውሃው ሳስቶ ያገኙታል፤ ሥዕሉ ላይ ያዩት ሌላ ነበር። «ክረምቱ እንዳለቀ መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ ሞልቶ ታዩት ነበር» ልትላቸው ትፈልጋለህ። «ኢፍ ዩ ሃድ ከም አፍተር ዘ ሬይንስ፣ ዩ ዉድ ሃቭ ሲን ኢት ፉል» በል። ሲነገር ቶሎ ስለሚባል «ዉድቭ»፣ «ሹድቭ» ሆኖ ነው የምትሰማው። ተናጋሪዎቹም ሳይቀሩ «ሹድ ኦፍ» ብለው የሚጽፉት ድምፁ ስለሚመሳሰል ነው። አንተ አትከተላቸው።

ስለ «ኩድ» አንድ ነገር ልጨምር። ሞተር ተበላሽቶ መሃል ሐይቅ ላይ ቆማችሁ፣ ኋላ ጠገናችሁት እንበል። «ዊ ኩድ ፊክስ ኢት» ካልክ ሰሚው «መጠገን እንችል ነበር» ብሎ ሊወስደው ይችላል። አንድ ጊዜ ተሞክሮ የተሳካ ነገር ሲሆን «ዊ ወር ኤብል ቱ ፊክስ ኢት» ይባላል። ካልተሳካ «ዊ ኩድንት» ያለ ችግር ይሄዳል።

ከሰዋስው ወጣ ብዬ ድምፅ ላይ ልምጣ፤ ምክንያቱም ይህኛው የጤና ጉዳይ ሊሆን ይችላል። እኛ «ዩ ካን» ስንል «ካን»ን አጉልተን ነው የምንለው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ በአዎንታ ሲናገር «ካን»ን ያሳንሳታል፤ «ዩ ክን ስዊም» ይልና ክብደቱን «ስዊም» ላይ ይጥለዋል። «ካንት» ሲል ነው ጎልቶ የሚሰማው፤ አሜሪካውያን ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ት» ሊውጧት ይችላሉ። ስለዚህ አንተ «ካን»ን ስታጎላ «ካንት» ያልክ ይመስላቸዋል፤ «ካንት» ስትል ደግሞ «ካን» ብለው ሊሰሙህ ይችላሉ። ጣና ውስጥ ቢልሃርዝያ አለ። እንግዳ «ካን ዊ ስዊም ሂር?» ብሎ ሲጠይቅህ በአጭሩ አትመልስ። «ኖ፣ ዩ ሹድ ኖት ስዊም ሂር» በል፣ ከዚያ ምክንያቱን ንገረው። ለክልከላ ሁሉ «ካንኖት» ብሎ ሙሉውን መጥራት ይሻላል።

ክብራን ገብርኤል ላይ ሴቶች እንደማይገቡ ስትናገር «ዊመን ካንኖት ኢንተር» ትክክል ነው፤ ግን ይሻክራል። «ዊመን አር ኖት አላውድ ቱ ኢንተር» ብትል ሥርዓቱ የገዳሙ እንጂ ያንተ እንዳልሆነ ይሰማል። ይህን ደግሞ ጀልባ ከመነሳቱ በፊት ተናገረው፤ ደሴቱ ላይ ደርሰው ሲሰሙት ነው የሚከፋቸው። ለጫማም እንዲሁ። «ዩ ማስት ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ» ሰዋስው አልጎደለውም፣ ትዕዛዝ ግን ነው። እኛ በአማርኛ «ጫማዎን ቢያወልቁልን» እንላለን፤ «እርስዎ»ውም አለ፣ «ቢ»ም አለች። እንግሊዝኛ አንተና እርስዎን መለየት ትቷል። አክብሮቱን የሚሸከሙለት «ኩድ» እና «ዉድ» ናቸው፦ «ኩድ ዩ ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ ሂር፣ ፕሊዝ?» ለብዙ ሰው በአንዴ ስትናገር «ሹዝ ማስት ቢ ቴክን ኦፍ» ማለት ትችላለህ። ሞዳል፣ «ቢ»፣ ከዚያ ሦስተኛው ቅርፅ። ማንንም ሳትጠቁም ሕጉን ነገርክ።

መጽሐፍ ልግዛ ላልከው፣ አሁን አትግዛ። የቃላቱን ትርጉም ቀድሞውንም ታውቀዋለህ፤ የጎደለህ አብረዋቸው የሚመጡትን ቃላት ማወቅ ነው። አንድ ደብተር ያዝ። ከጀልባ ማቆሚያው እስከ መመለሻ የምትናገረውን ሁሉ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ጻፈው፤ ከላይ ከሰጠሁህ ጀምር። ከእያንዳንዱ ሞዳል ጋር የሚቀጥለውን ቃል አስምርበት። በየቀኑ ድምፅህን አውጥተህ አንብበው፣ ስልክህ ላይ ቅዳውና ስማው። «ማስት» ብቻውን ተጽፎ ደብተርህ ላይ አይገኝ። እንግዳ ሲናገር አዲስ ነገር ከሰማህ ማታ ጨምረው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱን ሁሉ በእንግሊዝኛ ተምረን እንኳ አፋችን የሚያመነታው ቃላቱን ለየብቻ ስለሸመደድናቸው ይመስለኛል።

ለቃለ መጠይቁ ሁለት ነገር አዘጋጅ። ስለ ችሎታህ ሲጠይቁህ «አይ ካን» እያልክ አትደርድር፤ የሠራኸውን በ«አይ ዋዝ ኤብል ቱ» ንገራቸው። ሁለተኛው፣ ሆቴል ስለሆነ የሌሊት ፈረቃ መነሳቱ አይቀርም። «ዉድ ዩ ማይንድ ወርኪንግ ናይትስ?» ብለው ሊጠይቁህ ይችላሉ። እዚህ ላይ ከ«ዉድ» በኋላ ራቁት «ማይንድ» መጣ፤ «ማይንድ» ደግሞ በተራው «ኢንግ» ይፈልጋል። ጥያቄው «ሌሊት መሥራት ይከብድሃል?» ነው። በአማርኛ ልማድ «የስ» ብለህ ብትቸኩል «አዎ፣ ይከብደኛል» አልካቸው ማለት ነው። ሥራውን ከፈለግኸው መልሱ «ኖት አት ኦል» ነው።